ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ወላጅ ወዴት ይጠፋል?

የአራብሳዋ እናት | ሰኞ ማታ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ጀሞ፣ ብቻ አዲስ አበባ ዳር ሰፈር ሆናችሁ ልጃችሁ መንግሥት ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ሁሉ ግቡበት።

ታናሿ ልጄ ኬጂ ናት። እዚያ ስብሰባ ሲጠራ ወንበር አይበቃም። አባቶች ሳይቀሩ ከሥራ አስፈቅደው ይመጣሉ። ትልቁ ዘንድሮ 10ኛ ነው። የእሱ ት/ቤት ስብሰባ ሲጠራ የምንገኘው ወላጆች ከመምህራኑ እናንሳለን። ስብሰባውም ያው ነው። ዕቅድ ይነበባል፣ ስለ ዩኒፎርምና ስለ ፀጉር ቁርጥ ይነገረናል፣ መጨረሻ ላይ መዋጮ ይመጣል፣ እጅ እናወጣለን፣ እንበተናለን። ከዚያ ውጪ የምንጠራው ልጅ ሲያጠፋ ነው። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ተብሎ።

እኔ ገንዘብ የለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ጊዜ አለኝ። ያጣሁት ጊዜዬን የሚቀበለኝ ነው። ቢሮ ገብቼ «ምን ላግዝ?» ስላቸው «እናመሰግናለን፣ እንደውልልዎታለን» አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እየደወሉ ነው።

«ወላጅ መሳተፍ አለበት» የሚል ምክር አደራ እንዳትጽፉልኝ፤ እሱን ጠግቤዋለሁ። እናንተ ጋ ማን፣ መቼ፣ ምን ሠራ? እሱን ንገሩኝ።

ሃይገሩ | ሰኞ ማታ

እህቴ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን እናውራ። ስብሰባ የሚጠሩት ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። እኔ ሹፌር ነኝ። 3 ሰዓት ላይ አዳራሽ ብቀመጥ ለመኪናው ባለቤት የማስገባውን ማን ይሸፍንልኛል? እዚህ ሰፈር ያለው ሰው መገናኛ ለመድረስ ሌሊት 11 ሰዓት ሰልፍ ይይዛል። ሲመለስ ማታ 2 ሰዓት ነው። ልጁን የሚያየው ተኝቶ ነው። ከዚያ «የዳር ሰፈር ወላጅ ግድ የለውም» ይባላል። ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው።

የምገባ እናት | ሰኞ ማታ

ወላጅ የጠፋው ሌላም ምክንያት አለው። አንደኛ ደረጃ ላይ ምገባ አለ። እኔ ራሴ እዚያ ነው የምሠራው። ጠዋት ቁርስ፣ ቀትር ላይ ምሳ፤ ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ እናት አለ። ልጅ ሲያለቅስ፣ ልጅ ሲጣላ፣ መምህር ሲቀር እናያለን። ማታ ሰፈር ውስጥ ለእናቱ እንነግራለን። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ይሄ ሁሉ ይቀራል። በር ላይ ጥበቃው «ቀጠሮ አለዎት?» ይላል። የልጁን እናት ከማንም ጸጉረ ልውጥ አይለያትም።

ቾክ በእጄ | ሰኞ ማታ

እኔ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን ነኝ፤ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ሆምሩምም (የአንድ ክፍል ኃላፊ) ነኝ። ክፍሌ ውስጥ ያሉት ከ60 ይበልጣሉ። «የወላጅ ስልክ» ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ የማይሠራው ብዙ ነው። የሚሠራውም ጉድ አለው። ልጅ ቀርቶ ስደውል «አዎ፣ አባቱ ነኝ» የሚል ገና ድምፁ በቅጡ ያልጎረነነ ጎረምሳ ያነሳልኛል። ከኋላው የፑል ኳስ ሲጋጭ ይሰማል።

የአራብሳዋ እናት፣ ለምን እንዳልደወሉልሽ ልንገርሽ። ክፋት አይደለም። «ምን ላግዝ?» ስትያቸው ሥራ ፈጥረው፣ ቦታ ሰጥተው፣ ሰው መድበው፣ ችግር ቢፈጠር ተጠያቂ ሆነው እንዲቀበሉሽ ነው የጠየቅሻቸው። ር/መምህሩ ያለችው ትንፋሽ አጭር ናት። ስለዚህ ሥራውን ራስሽ ቆርጠሽ ሂጂ። «ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ የማንበቢያ ክፍል፣ ሦስት እናቶች፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ» ብለሽ ጻፊ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊና ኮፒው ላይ ማኅተም አስመቺ። ወረቀት ከተመታ መልስ ይፈልጋል።

ዝም አልልም | ማክሰኞ ጠዋት

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ የመንግሥት ሥራ ነው። ግብር እንከፍላለን። ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቅ፣ ዴስክ የሚጠግን፣ ተማሪ የሚከታተል ተቀጥሮ ደሞዝ ይበላል። እኛ በነጻ ስንገባበት «ለካ ያለ በጀት ይሠራል» ይሉና በጀቱ ይቀራል። ደግሞ ኮሚቴ የሚባለውን እናውቀዋለን። የአንድ ት/ቤት ስም አልጠራም፤ የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዩኒፎርም የሚሰፋበትን ቤት የመረጠው ራሱ ነበር። ቤቱ የማን እንደነበር ገምቱ።

የአራብሳዋ እናት | ማክሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ በጀት እስኪመጣ ልጄ 12ኛን ይጨርሳል። የእኔ ጥያቄ እሱን አይጠብቅም።

ጀሞ ሦስት | ማክሰኞ ቀትር

«የማንበቢያ ክፍል» ላላችሁት፣ እኛ ሞክረን ቁልፉ ላይ ተጣብቀን ቀርተናል። ቅዳሜ ይከፈት ስንል የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ እምቢ አለች። ሁላችንም ክፉ አልናት። በኋላ ስትነግረን ገባን። መጽሐፉ ሁሉ በስሟ ነው። ስትረከብ ፈርማ ነው፣ ስትለቅ ቆጥራ ታስረክባለች። የጎደለው ከደሞዟ ነው። እኛ ቅዳሜ ከፍተን አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ የምትከፍለው እሷ ናት። እሷን ብሆን እኔም አልከፍትም።

ጋሽ ጡረታ | ማክሰኞ ከሰዓት

ልጆቼ፣ ሰላም ዋላችሁ። ረጅም ዘመን አስተምሬ፣ በምክትል ር/መምህርነትም ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጥቂት ልጨምር።

የቁልፉ ነገር መላ አለው። የመጽሐፍ መደርደሪያው ይቆለፍ። የሚከፈተው የማንበቢያው ክፍል ብቻ ነው። ልጆቹ የራሳቸውን መጽሐፍና ደብተር ይዘው ይግቡ። ለዚህ ርክክብ የሚያስፈልገው ወንበርና ጠረጴዛ ነው፤ እሱን ተሸክሞ የሚሄድ የለም። ለቅዳሜ መጽሐፍ ከወላጅ ብታሰባስቡ ደግሞ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ አስደርጉት፤ ግን ከነባሩ ጋር አይቀላቀል፤ በሌላ ቁም ሣጥን፣ በሌላ ሰው ስም ይሁን። እሷም ያን ጊዜ እፎይ ትላለች።

ሁለተኛ፣ ር/መምህሩ እናንተን የሚፈልግበት ምክንያት አለው፤ አታውቁትም እንጂ። የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት አራት መስኮች አሉት። መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታ፣ የት/ቤት አመራር፣ አራተኛው የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው። ኢንስፔክሽን መጥቶ ት/ቤቱን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ሲመዝን የወላጅ ተሳትፎም ይታያል። ማስረጃ ይጠየቃል። አብዛኛው ት/ቤት ፋይል ውስጥ ያለው የስብሰባ ቃለ ጉባኤና የመዋጮ ዝርዝር ነው። «በየቅዳሜው ወላጆች ማንበቢያ ክፍል ይጠብቃሉ» የሚል፣ ፊርማ ያለበት የመገኛ ወረቀት ብትሰጡት ር/መምህሩ በደስታ ነው የሚያስገባው።

ሦስተኛ፣ በወተመህ በኩል ሂዱ። ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ያለበት ኅብረት ነው፤ ሁሉም ት/ቤት አለው፣ ቢያንስ ወረቀት ላይ። ዝም አልልም ያለው ልጅ የተናገረው ስርቆት እውነት ነው፤ አይቻለሁ። ግን የሚዘረፈው ገንዘብ ያለበት ኮሚቴ ነው። ገንዘብ የማይነካ ሥራ ጀምሩ። ሰዓትና ጉልበት ብቻ። አንድ ብር መሰብሰብ ከጀመራችሁ ግን ያለ ደረሰኝ እንዳይሆን።

ዝም አልልም | ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሼ፣ ገንዘብ ካልነካ እስማማለሁ። በጀቱ ላይ ግን አቋሜ ያው ነው።

አስራ አንደኛ | ማክሰኞ ማታ

ሰላም፣ እኔ ተማሪ ነኝ፣ የማወራበት ቦታ ካልሆነ አጥፉት። እኛ ጋ የአንድ ልጅ እናት ግቢ ውስጥ ከታየች «ምን አጠፋህ?» ይባላል። ቀኑን ሙሉ ነው የሚፎገረው። ስለዚህ እባካችሁ በልጃችሁ ክፍል አትመደቡ። ሌላው፣ ሰልፍ ላይ ማይክ ይዛችሁ አትምከሩን። ጠዋት ጠዋት ከዩኒት ሊደሩ በቂ ምክር አለን።

የምንፈልገው ኮምፒውተር ነው። ከ2016 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለተወሰነው በኦንላይን ነው የሚሰጠው። ክፍላችን ውስጥ ማውዝ በቅጡ ይዞ የማያውቅ አለ፣ እውነቴን ነው። የኮምፒውተር ክፍሉ አለ። ግን የሚከፈተው በአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፣ አንዱ ላይ አራት ሆነን። ከወላጅ ኮምፒውተር የሚችል ቅዳሜ ቢመጣ ሙሉ ክፍሉ ይመጣል። አንድም ልጅ አይፎርፍም።

ሃይገሩ | ማክሰኞ ማታ

ጎበዝ! ይሄ ልጅ ከአዳራሹ ሁሉ የተሻለ ተናገረ።

ብየዳ ቤት ኮዬ | ረቡዕ ጠዋት

የእኛን ልንገራችሁ፣ የአራብሳዋ እናት «ማን ምን ሠራ» ብለሻልና።

ልጄ ሱሪው በየሳምንቱ አንድ ቦታ ላይ ተቀዶ ይመጣል። እናቱ ትሰፋለች፣ እንደገና ይቀደዳል። አንድ ቀን ሄጄ ዴስኩን አየሁት። ኮምባይንድ ዴስክ (መቀመጫና ጠረጴዛው የተያያዘው) ሁሌ የሚለቀው መቀመጫው ከፊት እግሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። ልጆቹ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ የተሠራው ለሁለት ነው። ቱቦላሬው ቀጭን ነው፣ ብየዳውም ከላይ ብቻ ነክቶ ያለፈ ነው። ሲወዛወዝ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀው ጫፍ ነው ሱሪ የሚቀደው። ተጨማሪ ብረት እንኳ አያስፈልገውም። ገልብጠሽ፣ የድሮውን ብየዳ በግራይንደር አንስተሽ፣ ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ መበየድ ነው። ከታች አንድ ቁራጭ ጠፍጣፋ ብረት በሰያፍ ብታስደግፊበት ከዚያ በኋላ አይነቃነቅም።

ሁለት ጎረቤት ሠራተኞች ይዤ እሑድ ከሰዓት ሄድን። ኤሌክትሮድ ከራሳችን። ከግቢው ኋላ ዴስክ እንደ ማገዶ ተከምሮ ዝናብ ይመታው ነበር። ንብረት ክፍሉ «ይወገዳል ተብሎ ተመዝግቧል፣ አይነካም» አለ። ጋሽ ጡረታ ያሉት ዓይነት ነገር መሆኑ ነው። እሺ ብለን ክምሩን ትተን፣ ክፍል ውስጥ ያለውን የተሰነጠቀ ብቻ በየድን። የ11ኛ ክፍል ወንዶች ሲሸከሙልን ዋሉ። ሁለቱ አሁን ክረምቱን እኔ ጋ ሥራ ካልለመድን እያሉኝ ነው።

ቾክ በእጄ | ረቡዕ ቀትር

የመጨረሻዋ ነገር ላይ ልቁም። የ12ኛ ክፍል ውጤት ታውቃላችሁ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ከፍ እያለ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ተቀልብሶ ሲታይ ከተፈተኑት ከመቶው ዘጠና ምናምኑ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። የተወሰነው ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይገባል። ቀሪው ምን ይሠራል? እኛ መምህራን የምናውቀው አንድ መንገድ ነው፤ ተማርን፣ ተፈተንን፣ አስተማሪ ሆንን። በያጅ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ልብስ ሰፊ የሆነ ወላጅ ክፍል ገብቶ «ሥራዬ ይሄ ነው፣ እንዲህ ገባሁበት፣ በወር ይሄን አገኛለሁ፣ የሚከብደው ይሄ ነው» ቢል ከእኔ የተሻለ ያስተምራል። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ። ብርህን ሳትደብቅ ንገራቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።

ሃይገሩ | ረቡዕ ማታ

ሹፌርም ይጠራል ወይስ ለዶክተር ብቻ ነው?

ቾክ በእጄ | ረቡዕ ማታ

ሹፌር ይቅደም። ክፍሌ ውስጥ ግማሹ ወንድ መንጃ ፈቃድ ነው የሚመኘው። ስለ ቅጣቱና ስለ ወገብ ሕመሙም ንገርልኝ።

ነርሷ የካ አባዶ | ረቡዕ ማታ

ስለ ሴቶቹ ማንም አላነሳም። ሴት ልጅ በወር ሁለት ሦስት ቀን ከቀረች ሒሳብ ላይ መከተል አትችልም። የምትቀረው በሞዴስ እጦትና በመጸዳጃ ቤቱ ነው፤ ውኃ የለም፣ በሩ አይዘጋም። እኛ ሦስት እናቶች ሆነን በሴቶች ክበብ በኩል አንድ ጠባብ ክፍል አስፈቀድን። ሞዴስ፣ ትርፍ የውስጥ ሱሪ፣ ሳሙና፣ ባልዲ ውኃ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ሞዴሱን በየወሩ ከዕድራችን ሴቶች እናሰባስባለን፤ በዕቃ እንጂ በብር አንቀበልም። ቁልፉ ያለው አንዲት ሴት መምህርት ጋ ነው። መጀመሪያ ልጆቹ አፍረው አልመጡም። ቁልፉን ለክበቡ ልጆች ጭምር ስንሰጥ ነው መምጣት የጀመሩት። እናትን ያፍራሉ፣ እኩያቸውን አያፍሩም።

አባ ጠቅል | ረቡዕ ማታ

ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። በር ላይ ፑል ቤት፣ ጆተኒ፣ ጫት ቤት፣ አንዳንዱ ጋ ሺሻ አለ። ወላጆች ጃኬት ለብሰን በየተራ እንዙር፣ ዩኒፎርም የለበሰውን እያወጣን ወደ ክፍል እንመልስ።

ነርሷ የካ አባዶ | ረቡዕ ማታ

ወንድሜ፣ የሰው ልጅ ጎትተህ ስታወጣ ጠብ ቢነሳ ማን ይጠየቃል? ሕጉ አለ። አዋጅ 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥም ሲጋራም እንዳይሸጥ ይከለክላል። ቤቱን ለይታችሁ፣ በወተመህ ስም ለወረዳው ደንብ ማስከበርና ለፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ። ዱላ ይዞ መዞር የእኛ ሥራ አይደለም።

አባ ጠቅል | ሐሙስ ጠዋት

ደብዳቤ ጽፈን ነበር። ሁለት ቀን ተዘጋ፣ በሦስተኛው ተከፈተ።

ቾክ በእጄ | ሐሙስ ጠዋት

ከፑል ቤት ከማውጣት ይልቅ፣ ልጁ መቅረቱን ወላጁ በዚያው ጠዋት ቢያውቅ ነው የሚሻለው። አሁን የሚያውቀው ሰርተፊኬት ሲመጣ ነው። ሰው ካገኘሁ እኔ የቀሪዎቹን ስም እስከ 3 ሰዓት ተኩል አወጣለሁ። የሚደውል ነው የጠፋው። ግን የወላጆች ስልክ ዝርዝር እንዲሁ ለማንም ወላጅ አይሰጥም፤ የተለያየ ቤተሰብ አለ፣ የተጣላ አለ፣ ሰፈር ውስጥ ወሬ ይሆናል።

ጋሽ ጡረታ | ሐሙስ ከሰዓት

ትክክል ብለሃል መምህር። ደዋዩ ቢሮ ተቀምጦ በት/ቤቱ ስልክ ይደውል። ዝርዝሩን ይዞ አይወጣም፣ ፎቶ አያነሳም። የሚናገረውም አንድ ነገር ነው፤ «ልጅዎ ዛሬ ክፍል አልገባም፣ ደኅና ነው ወይ?» ምክንያት አይመረምርም፣ አይመክርም። ቁጥሩን ደግሞ በምዝገባ ቀን ከወላጁ እጅ ተቀብላችሁ፣ እዚያው ደውላችሁ ኪሱ ውስጥ መጥራቱን አረጋግጡ። የጎረምሳው «አባት» ያን ጊዜ ያልቅለታል። ለዚህ እኔ ራሴ እመጣለሁ። ጠዋት ሥራ የለኝም፤ ያለኝ ጋዜጣ ነው።

የአራብሳዋ እናት | ዓርብ ማታ

ሁላችሁንም አነበብኩ። ደብዳቤውን ጽፌያለሁ፤ ሳላስገባ እዩልኝ።

«ለት/ቤቱ ወተመህ፣ ግልባጭ ለር/መምህር ጽ/ቤት። ስማችንና ስልካችን ከታች የተዘረዘረው ወላጆች በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት የማንበቢያ ክፍሉን ከፍተን ለመጠበቅ እንፈልጋለን። የመጽሐፍ መደርደሪያው እንደተቆለፈ ይቆያል። ማናችንም የራሳችን ልጅ የሚማርበትን ክፍል ተማሪዎች አንቆጣጠርም። ገንዘብ አንሰበስብም። ሥራው እስከ ሚያዝያ 30 ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ እንዲቀጥል ወተመህ ይወስናል።»

የኮምፒውተሩን ሌላ ደብዳቤ አድርጌ ለብቻው አስገባለሁ፤ አንዱ እምቢ ቢባል ሌላውን እንዳይጎትተው። ኮምፒውተር የምትችሉ የአራብሳ ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ጋሽ ጡረታ | ዓርብ ማታ

ጥሩ ነው ልጄ። የመታወቂያ ኮፒ አያይዢ፣ ጥበቃው በር ላይ የሚያየው የስም ዝርዝር እንዲሰጠውም ጻፊ። አለበለዚያ በመጀመሪያው ቅዳሜ «ቀጠሮ አለዎት?» ትባያለሽ።

የምገባ እናት | ዓርብ ማታ

እኔን ጻፊኝ። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ግን ዕድር አለብኝ፤ ከቀረሁ ቅጣት አለው።

የአራብሳዋ እናት | ዓርብ ማታ

ጻፍኩሽ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።

ዝም አልልም | ቅዳሜ ጠዋት

የመጀመሪያዎቹን ቅዳሜዎች ለኔ ተዪልኝ። የት ሕንጻ ጋ ነሽ? የመታወቂያ ኮፒውን ዛሬ አደርስልሻለሁ።